ጀበናው የእኛ፣ ሱቁ የእሱ፤ አሁን ደግሞ «እንታረቅ» ይላል። ምን ልበል?

የሸክላዋ ልጅ (ሐይቅ አካባቢ) ጠየቀች፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ነገሩ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ። እናቴም አያቴም ሸክላ ሠሪዎች። ሰፈራችን ከሐይቅ ከተማ በእግር አንድ ሰዓት ያስኬዳል። እኔ እስከ 10ኛ ተምሬ ተመለስኩ። አሁን 34 ዓመቴ ነው፤ ሁለት ልጆች አሉኝ። 11 ሴቶች ሆነን ጀበና፣ ምጣድ፣ ድስትና ማሰሮ እንሠራለን። አፈሩን ቆፍረን፣ ወቅጠን፣ ነፍተን፣ ከተፈጨ ገል ጋር አቡክተን፣ በጥላ አድርቀን፣ በኩበት አቃጥለን።

ከ7 ዓመት በፊት አንድ ነጋዴ መጣ። ስሙን አልጠራም፤ የአገራችን ሰው ነው፤ ልጆቻችንም አብረው ይማራሉ። ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ዳር ሱቅ ከፈተ። በሩ ላይ «የሴቶች ባህላዊ ሸክላ ሥራ» የሚል ትልቅ ታፔላ ሰቀለ። ታፔላው ላይ ያለችው እናቴ ናት። ፎቶ ሲያነሳት ለመታወቂያ መስሏት ነጠላዋን አስተካክላ ቆማለታለች።

ንግድ ፈቃዱ በእሱ ስም ነው። ደረሰኙም በእሱ ስም። ጀበናውን ከእኛ በ80 ብር ይወስዳል፤ እዚያው ሱቅ ላይ በ350 ይሸጠዋል። አምና ደግሞ አንድ ፕሮጀክት «ለሴት ሸክላ ሠሪዎች» ብሎ የማድረቂያ ሼድ ሠራልን። የት? ሱቁ ጀርባ፣ በእሱ ቦታ ላይ። አሁን ሼዱ ውስጥ የተቀመጠው ሲሚንቶ ነው።

ጠቡ የተነሳው በሚያዝያ ነው። 62 ጀበና ወሰደ። ሒሳብ ሲያመጣ «18ቱ መንገድ ላይ ተሰበሩ» ብሎ የ44 ብቻ ከፈለን። እናቴ ብዙ አትናገርም። «ስባሪውን አምጣልኝ» አለችው። እኛ ጋር እኮ ገል አይጣልም፤ ተፈጭቶ ወደ አዲሱ ጭቃ ይገባል። አንዲት ጆሮ እንኳ አላመጣም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀበና አልሰጠነውም።

አሁን ሽማግሌ ልኳል። በግ ያርዳል፣ ለእናቴ ጋቢ ያለብሳል፣ ለእያንዳንዳችን 2,000 ብር ይሰጣል፣ «ከዚያ እንደ ድሯችን» ነው የሚለው። ሽማግሌዎቹ የሚመጡት የፊታችን ቅዳሜ ነው። ደግ ሰዎች ናቸው፤ እምቢ ማለት ይከብዳል። ክረምቱም እየገባ ነው። ያለ ሼድ ሐምሌና ነሐሴ ሸክላ አይደርቅም፤ እሱም ይህን ያውቃል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን «እንደ ድሯችን» የምትለዋ ቃል ናት። የድሮውንማ አያቴ ነግራኛለች። ሰው «ጠይብ፣ ቡዳ» ይለን ነበር። ሰርግ ቤት ስትጠራ የምትቀመጠው በረንዳ ላይ ነው። ቡና ይሰጧታል፤ ስኒዋ ግን ለብቻ ነው የሚታጠበው። ቡናው የተፈላው እሷ በሠራችው ጀበና! መሬት በስሟ ያየችው የ1967ቱ አዋጅ ከመጣ በኋላ ነው፤ ያውም ድንጋያማውን ጫፍ። የዛሬ ሰው ስኒ አይለይብንም፤ እውነቱን መናገር ነው። ደረሰኙን ግን ለይቶብናል።

ካናዳ ያለው የአክስቴ ልጅ ስልክ ላይ ይህንን ስነግረው «እዚህ ነባር ሕዝቦቹ ኢኮኖሚያዊ ዕርቅ የሚሉት ነገር አለ፤ ይቅርታ ብቻ ሳይሆን ባለቤትነት ነው የሚጠይቁት» አለኝ። ከዚያ ሥራ ሰዓት ደረሰበትና ዘጋው። ስለ ነገሩ የሚያውቅ አለ? ቅዳሜስ ምን ብለን እንቀመጥ?

---

ሰኞ ባቲ፦

እህት ዓለም፣ እኔ ባቲ ገበያ ላይ ከአባቴ ጋር ሸቀጥ እየሸጥኩ ነው ያደግሁት። ስለዚህ ትንሽ ለነጋዴው ልቁምለትና ብትቆጪኝም ተቆጪኝ።

80 ብር ገዝቶ 350 መሸጥ ሌብነት አይደለም። ኪራይ አለ፣ ግብር አለ፣ መኪና አለ፣ ሳይሸጥ ስድስት ወር አቧራ የሚጠጣ ዕቃ አለ። ሸክላ ደግሞ ይሰበራል፤ ወላሂ ይሰበራል። ጭድ ውስጥ ካልተጠቀጠቀ ከሐይቅ ደሴ ሳይደርስ ያልቅልሻል። «80 አንሷል፣ 150 አድርገው» ብትሉት ኖሮ ገበያ ነው፤ ትከራከራላችሁ፣ ትስማማላችሁ።

የ18ቱ ነገር ግን ሌላ ነው። ስባሪ ያላሳየ አልተሰበረበትም። ታፔላውና ሼዱ ደግሞ ጭራሽ ንግድ አይደሉም። በእናንተ ስም የመጣ ነገር እሱ ግቢ ካደረ፣ ያ የትርፍ ጉዳይ አይደለም። እኔ ብሆን ሦስቱን ለያይቼ ነበር የምጠይቀው፦ ዋጋውን ለብቻ፣ የ18ቱን ሒሳብ ለብቻ፣ ስማችንንና ሼዱን ለብቻ። እሱ አንድ በግ አርዶ ሦስቱንም ሊያወራርድ ነው የፈለገው።

---

ወሎዬ በሃሊፋክስ፦

ሰላም እህቴ። ኩታበር ተወልጄ ደሴ ያደግሁ ነኝ። አሁን ካናዳ፣ ኖቫ ስኮሻ የጭነት መኪና እነዳለሁ። የአክስትሽ ልጅ የጀመረውን ልጨርስልሽ።

መጀመሪያ የተወሰደባቸውን ልንገርሽ፤ ያለዚያ ዕርቁ አይገባሽም። እ.ኤ.አ. በ1876 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ) «ኢንዲያን አክት» የሚባል ሕግ ወጣባቸው። ነባሮቹ የሚኖሩበት የተከለለ መሬት «ሪዘርቭ» ይባላል፤ ባለቤትነቱ የዘውዱ፣ ማለትም የመንግሥቱ ነው፤ እነሱ ይኖሩበታል። በምዕራብ ባለው ሜዳማ አገር አንድ ነባር ገበሬ ስንዴውን ሊሸጥ ሲል ከመንግሥት ወኪል የፈቃድ ወረቀት ማውጣት ነበረበት። ያረሰው እሱ፣ ያጨደው እሱ፤ «ሽጥ» የሚለው ወረቀት የሌላ ሰው። ይህ አንቀጽ ከሕጉ ላይ የተነሳው መቼ መሰለሽ? በ2014። በ1914 አላልኩም።

የደረሰኙን ነገር ስትጽፊ ትዝ ያለኝ ይሄ ነው።

አንቀጽ 89 ደግሞ አለ። ሪዘርቭ ላይ ያለን የነባር ሰው ንብረት፣ ነባር ያልሆነ አበዳሪ በዕዳ ሊይዘው አይችልም ይላል። ለጥበቃ ነው የተባለው፤ መሬታቸውን በዕዳ እንዳይነጠቁ። ባንክ ግን ሊይዘው የማይችለውን ነገር አይቶ ብር አያወጣም። ቤት አለህ፣ ማስያዣ የለህም። ለእኛ አገር ሰው ይሄ ብዙ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ከዚያ ልጆቻቸው ከወላጅ ተነጥቀው የገቡባቸውን አዳሪ ትምህርት ቤቶች የሚመረምር የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ከ2008 እስከ 2015 ሠራ። ሲጨርስ 94 ጥሪዎችን አቀረበ። 92ኛው ለነጋዴውና ለኩባንያው ነው። ፕሮጀክት ከመጀመርህ በፊት ባለአገሩን አማክር፣ ፈቃዱን አግኝ፤ ሥራና ሥልጠና በእኩል ይድረሰው፤ ጥቅሙ እዚያው ማኅበረሰቡ ዘንድ ይቆይ፤ የድርጅትህ አለቆች ደግሞ የሆነውን ታሪክ ይማሩ። «ኢኮኖሚያዊ ዕርቅ» የሚሉት በአብዛኛው እዚህ ላይ ቆመው ነው።

አሁን ያየሁትን ልንገርሽ። ሲድኒ የምትባል የወደብ ከተማ አለች፤ ከሃሊፋክስ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። እዚያ ሜምበርቱ የሚባሉ የሚክማቅ ማኅበረሰብ አሉ፤ ሚክማቅ ከነባሮቹ ሕዝቦች አንዱ ነው። ድሮ የሚኖሩት ወደቡ ዳር፣ ጥሩው ቦታ ላይ ነበር። በ1916 ፍርድ ቤት «ይነሱ» ብሎ ፈረደ፤ በ1926 ከወደቡ ራቅ ወዳለ ቦታ ተዛወሩ። ዛሬ እዚያ ነዳጅ ስሞላ ማደያው የእነሱ ነው፣ ሆቴሉ የእነሱ ነው፣ ሰርግና ስብሰባ የሚደረግበት ትልቁ አዳራሽ የእነሱ ነው። መጀመሪያ ቀን የከፈልኩበትን ደረሰኝ አገላብጬ አየሁት። ሜምበርቱ ይላል። ጫኝ ጓደኛዬ «ምን ታያለህ?» አለኝ። ምን ልበለው?

ትልቁ ነገር የሆነው በጥር 2021 ነው። ሰባት የሚክማቅ ማኅበረሰቦች ተባብረው፣ ከአንድ የምግብ ኩባንያ ጋር ግማሽ በግማሽ ሆነው፣ ክሊርዋተር የሚባለውን ግዙፍ የባሕር ምግብ ድርጅት ገዙ። ግዥው 1 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ገደማ ነው። መሬት ማስያዝ የማይችል ሰው እንዴት ገዛ? እዚህ ላይ ነው ጨዋታው። ነባሮቹ የራሳቸው የጋራ አበዳሪ ተቋም አላቸው። አባል ማኅበረሰቦች መሬት አያስይዙም፤ ገቢያቸውን ነው የሚያስይዙት። ገቢው መጀመሪያ ወደ አደራ ሒሳብ ይገባል፣ የዕዳው ይቆረጣል፣ የተረፈው ለባለቤቱ ይመለሳል። ብዙዎች በአንድነት ስለሚበደሩ ገበያው ያምናቸዋል። በዚህ መንገድ 250 ሚሊዮን ዶላር በ30 ዓመት የሚከፈል ብድር አገኙ። እናቴ ብትሆን «ዳኛ ያለው ዕቁብ ነው» ትል ነበር።

ዓሣ የማጥመድ መብቱም በነፃ አልመጣም። በ1993 አንድ የሚክማቅ ሰው 463 ፓውንድ ኢል (እባብ የሚመስለው ዓሣ) አጥምዶ በ787 ዶላር ከ10 ሳንቲም ሸጠ። ያለ ፈቃድ ሸጥህ ተብሎ ተከሰሰ። ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1999 ፍርድ ቤቱ በ1760 እና 61 የተፈረሙትን የስምምነት ውሎች አንስቶ፣ ሚክማቆች አጥምደው በመጠኑ የመተዳደር መብት አላቸው አለ። የ787 ዶላር ዓሣ! ስለ 18 ጀበና መከራከር ትንሽ ነገር እንዳይመስልሽ።

ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ ነው እንዳትይ ደግሞ። በ2020 ሚክማቆች ራሳቸው ባወጡት ደንብ ሎብስተር (ትልልቅ ጥፍር ያለው የባሕር እንስሳ) ማጥመድ ሲጀምሩ ሌሎቹ አጥማጆች ተቆጡ፤ ሎብስተር የሚቀመጥበት መጋዘን እስከመቃጠል ደረሰ። ሌላም አለ። የፌዴራል መንግሥቱ ራሱ ከሚፈጽመው ግዥ ቢያንስ 5 በመቶው ለነባር ሕዝቦች ድርጅቶች ይሁን ሲል፣ ስም አከራይ መጣ። ወረቀት ላይ ባለቤቱ ነባር ሰው ነው፤ ሥራውም ብሩም የሌላ። በእናትሽ ፎቶ ታፔላ እንደሰቀለው ሰውዬ በይው።

እና ቅዳሜ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ባንክ ሄዶ የሚፈርመው ማነው?

---

ዝም ብዬ ነው፦

የካናዳ ሎብስተርና የሐይቅ ጀበና ምን አገናኛቸው? እናንተ ሰዎች ቀላሉን ታከብዳላችሁ። በጉን በልታችሁ ዋጋ ጨምሩ በቃ።

---

የሸክላዋ ልጅ፦

@ዝም ብዬ ነው፣ በጉንማ እንበላለን፤ የወሎ ሰው በግ አይመልስም። ከበጉ በኋላ ስላለው ነው የጠየቅኩት።

@ሰኞ ባቲ፣ አልተቆጣሁም። ሦስቱን መለየቱን ለሴቶቹ ነገርኳቸው። ወደዱት። እናቴ ግን አራተኛ አለ አለች፤ ገና አልነገረችንም።

@ወሎዬ፣ የስንዴውን ፈቃድ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ከሁላችን ታላቋ ሴት «2014 ማለት በእኛ ስንት ነው?» አለችኝ። 2007 ነው ስላት ዝም አለች። የመጨረሻ ልጇ የተወለደው ያን ዓመት ነው።

---

የማኅበር ሰው (ኮምቦልቻ)፦

በኅብረት ሥራ ላይ 12 ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሁን ለቅቄ የራሴን ነው የምሠራው። እህቴ፣ ወደ ወረቀቱ ልምጣ።

ከታፔላው እንጀምር፤ እሱ ቀላሉ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ አንቀጽ 27 ላይ የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ አይሰቀልም ይላል። አንቀጽ 29 ደግሞ «አውርዱልኝ» የማለት መብት ይሰጣል። እናትሽ ፊደል ባትቆጥርም መብቱ የእሷ ነው። ፍርድ ቤት ሂዱ ማለቴ አይደለም። ሽማግሌዎቹ ፊት ግን ሕግ መሆኑን ተናገሩት፤ የወሬው ክብደት ይለወጣል።

ስማችሁንም አስመዝግቡት። የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 የወል ምልክት የሚባል ነገር ያውቃል፤ አንድ ማኅበር ለአባላቱ ሥራ ሁሉ የሚጠቀምበት ማለት ነው። ስም ዋጋ እንዳለው ለመረዳት የቡናችንን ታሪክ ማየት ይበቃል። ኢትዮጵያ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ላስመዝግብ ብላ ከስታርባክስ ጋር ስትከራከር ቆይታ እ.ኤ.አ. በ2007 ተስማማች። ጭቅጭቁ ስለ ፍሬው አልነበረም፤ ስለ ስሙ ነበር። የእናንተንም ነጋዴ አስቡት። ጀበናውን ከየትም ሊያመጣ ይችላል። ታፔላው ላይ ግን ራሱን አልሳለም።

ብድርን በተመለከተ፤ «ቤት ከሌላችሁ አናበድርም» ካሏችሁ፣ በ2011 የወጣ አዋጅ ቁጥር 1147 አለ። የሚንቀሳቀስ ንብረት፣ ማለትም ዕቃ፣ የተከማቸ ምርት፣ የሚሰበሰብ ሒሳብ ሁሉ ማስያዣ እንዲሆን ይፈቅዳል። የክልላችን የ2009ኙ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252ም የመሬት ደብተር ያለው ገበሬ የመጠቀም መብቱን አስይዞ እንዲበደር በር ከፍቷል። መሬቱን አይደለም፤ የመጠቀም መብቱን። በሩ አለ ማለት ግን ሁሉም ቅርንጫፍ ይከፍታል ማለት አይደለም። የማውቀው አንድ የብድር ሠራተኛ ጀበና አስይዤ ላበድር ሲባል ስቆ ነው የሞተው። ውል ያለው ተቀባይ ካላችሁ፣ ለምሳሌ ሆቴል፣ ያን ጊዜ ሳቁን ያቆማል።

ማኅበሩን ለመመሥረት የወረዳውን የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። አዋጅ 985/2009 ላይ ዋናው ነገር አንድ አባል አንድ ድምፅ መሆኑ ነው፤ ብዙ ብር ያዋጣም አንድ እጅ ነው የሚያነሳው። 11 ሴት አትበቁም ካሏችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ በጥቃቅንና አነስተኛ በኩል በሽርክና መጀመር ይቻላል።

የማልደብቅሽ ነገር አለ። ብዙ ማኅበር ሲፈርስ አይቻለሁ። ድርቅም ገበያም አይደለም የሚያፈርሳቸው። ማኅተሙ ነው። ሊቀመንበሯ ማኅተሙን ቤቷ ታስቀምጣለች፣ ባሏ ያውቀዋል፣ ከዚያ አንድ ቀን ያልታወቀ ወረቀት ላይ ታትሞ ይገኛል። ማኅተሙን አንዷ፣ የባንክ ደብተሩን ሌላዋ፣ የሳጥኑን ቁልፍ ሦስተኛዋ ትያዝ። ሦስቱም ዘመድ አይሁኑ። እናትና ልጅም ዘመድ ናችሁ፤ ይህን አስቢበት።

---

የወረባቦው፦

ልጄ፣ እኔ ስልክ ላይ መጻፍ አይሆንልኝም፤ የልጄ ልጅ ነው የሚጽፍልኝ። የእኛ ቤት የአበጋር ቤት ነው። አባቴ በደም የተፈላለገ ሰው ሲያስታርቁ እግራቸው ሥር ተቀምጬ ነው ያደግሁት።

ዕርቅ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ዱዓ ይደረጋል፣ ቡና ይፈላል። ከዚያ የበደለው ሰው የበደለውን በአፉ ይናገራል። «ካጠፋሁ ይቅርታ» አይባልም፤ «ይህን አጥፍቻለሁ» ነው የሚባለው። ከዚያ ካሳው ይቆረጣል። ካሳው ተቆርጦ ዋስ ሲጠራ ነው እርድ የሚመጣው። አንቺ እንደምትይው ከሆነ ሰውዬው ከመጨረሻው ጀምሯል። በጉን አስቀድሟል። ይህንን ለሽማግሌዎቹ በትሕትና ንገሯቸው፤ ካወቁ ራሳቸው ያፍራሉ።

ጋቢውን ደግሞ እናትሽ አትቀበል። ጋቢ የሚለበሰው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ከለበሰችው አለቀ ማለት ነው።

ስለ ስድቡ አንድ ልበል። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ ሙያን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረው ነበር ይባል ነበር፤ የትምህርት ሰዎችም እውነት ነው ብለውኛል። የአያትሽ ስኒ ለብቻ የታጠበው ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ነው። እኔም ልጅ ሆኜ በእኛ ቤት የሚታጠብ ስኒ ነበር። የማን እንደነበር አስታውሳለሁ። አፉ በዪኝ።

---

የሸክላዋ ልጅ (ከሰባት ቀን በኋላ)፦

ይቅርታ፣ ዘገየሁ። ኔትወርኩም ዝናቡም አላስቻለኝም።

@የወረባቦው አባቴ፣ መልእክትዎን ለእናቴ አነበብኩላት። «አፉ ብያለሁ በያቸው» ብላለች። አያቴ ብትኖር የበለጠ ደስ ይላት ነበር።

ቅዳሜ መጡ። አምስት ሽማግሌዎች፣ ሰውዬው፣ በጉም ከኋላ። ቡናውን እኔ ነበርኩ የማፈላው። እንዳሉት አደረግን፤ እናቴ «በጉ ይታሰር፣ መጀመሪያ ነገሩ ይነገር» አለች። አንደኛው ሽማግሌ ሳቁና «እንዲህማ ከሆነ ወግ የምታውቅ ቤት ነው የመጣነው» አሉ። ሰውዬው ፊቱ ተለዋወጠ።

ሦስቱን ለያይተን አቀረብን። ስለ 18ቱ ጀበና መጀመሪያ መንገዱን ወቀሰ፣ ከዚያ ሾፌሩን። ስባሪው የት አለ ሲባል ዝም አለ። ዝም ባለበት አንድ ስኒ ሙሉ ቀዘቀዘ። በኋላ «አልተሰበሩም፤ ለአዲስ አበባ ሰው በብዛት ስሸጥ ቅናሽ ስለጠየቀኝ ነው» አለ። የእሱን ቅናሽ እኛ ከፍለነዋል ማለት ነው። ብሩ፣ 1,440፣ እዚያው ተቆጠረ።

ዋጋው 160 ሆነ። @ሰኞ ባቲ፣ አንተ ካልከው 10 ብር በልጠናል።

ታፔላው ላይ ብዙ ተከራከርን። የሕጉን አንቀጽ ስጠራ «ማን አስተማረሽ?» አለኝ። ያኔ ነው እናቴ አራተኛውን ያወጣችው። «ፎቶዬ ይውረድ አልልም። ይኑር። ግን ሥሩ ስማችን ይጻፍና ሱቁ የጋራ ይሁን። ያለዚያ ራስህን ተነሳና ስቀል» አለች። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ድርሻ ስንት ለሚለው ግማሽ አልን፤ ሲሶ አለ። እዚያ ላይ ቆምን። አላለቀም። እስከ መስከረም ቀጠሮ ተያዘ፤ እስከዚያ እኛ ማኅበሩን አስመዝግበን፣ በራሳችን ስም የባንክ ደብተር ይዘን እንድንመጣ። ዋስ የሆኑት ያ የሳቁት ሽማግሌ ናቸው።

ጋቢውን እናቴ አልለበሰችውም። ተጣጥፎ ሽማግሌው ቤት ተቀምጧል። በጉም አልታረደም፤ እሳቸው ግቢ ሣር እየበላ ነው። ልጆቼ ስም አውጥተውለታል፤ መስከረም ላይ ምን እንደምላቸው እንጃ።

@የማኅበር ሰው፣ ማኅተሙን እኔ አልያዝኩም፤ እናቴም አልያዘችም። ወረዳው ለኅብረት ሥራ ቁጥራችሁ አይበቃም ስላለን በአነስተኛ በኩል ጀምረናል። አራት ጊዜ ተመላለስኩ። አንድ ቀን ፎርሙን የሚሰጠው ሰው ለቅሶ ሄዶ ነበር፤ አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ነበር።

ሼዱ ግን ተለቀቀ። ሐሙስ ዕለት ሲሚንቶው ወጥቶ፣ ወለሉን ሁለት ቀን ጠረግነው። የሲሚንቶ ብናኝ ጭቃ ውስጥ ከገባ ሲቃጠል ይፈነዳል ብላ እናቴ በእርጥብ ጨርቅ ሦስቴ አስወለወለችን። አሁን 30 ጀበና ተደርድሮ እየደረቀ ነው። ውጭ ዶፍ ይወርዳል።

---

ወሎዬ በሃሊፋክስ፦

ማሻ አላህ! ሲሶም ቢሆን ጥሩ ነው፣ ግን ግማሹን አትልቀቁ። ለጥቅምት አገር ቤት የሚመጣ ጓደኛ አለኝ። ሁለት ጀበና ልታስቀምጪልኝ ትችያለሽ? አንዱን የነዳጅ ማደያው ላይ ለምትሠራ የሚክማቅ ሴት ነው የምሰጠው፤ ቡና አፍልቼ አጠጣለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ።

---

የሸክላዋ ልጅ፦

አስቀምጥልሃለሁ። አንገቱን ወፈር አድርጌ እሠራዋለሁ፤ መንገዱ ሩቅ ነው። 350 ብር አንዱ፤ ለወሎዬም ቅናሽ የለም። ጓደኛህ ግን ከጥቅምት አጋማሽ በፊት እንዳይመጣ። ደረሰኙ እስከዚያ አይደርስልኝም።